ያላየሁትን «አይቻለሁ» ያልሁ ጊዜ

ሰው ትርፍ ሰዓቱን ይጠጣበታል፣ ካርታ ይጫወትበታል፣ ካልሆነም ይተኛበታል። እኔ የሰው ኮድ አርምበት ነበር። እንጅባራ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና አስተምራለሁ። ከክፍል ስወጣ ደግሞ በዓይኔ አይቻቸው ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በኢሜይል እነታረካለሁ። የምንነታረክበት ነገር ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ደሞዝ የለውም። ዳንግላ ያለችው እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «ልጄ፣ ለማታውቀው ሰው በነጻ ስታርም የራስህ ጣሪያ አያፈስም?» አለችኝ። ያፈስ ነበር። እንጅባራ ውስጥ በክረምት የማያፈስ ጣሪያ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ከዚያ ሁሉ ሥርዓት የኔ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ሚሞሪ ካርድን የሚያናግረው ክፍል፣ ድራይቨር የሚባለው ነው። ሥራው ማስተርጎም ነው። አገውኛ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ አማርኛ የሚችል ዘመዱን ይዞ ይመጣ የለም? ካርዱ ገበሬው ነው፣ ኮምፒውተሩ ጸሐፊው ነው፣ ድራይቨሩ ያ ዘመድ ነው። ዘመዱ ችኩል የሆነ እንደሆነ፣ ገበሬው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ «ምንም የሚለው የለውም» ብሎ ለጸሐፊው ይመልስለታል። ይችን ልብ በሉልኝ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። አንድ ሰው ድራይቨሩን ያሻሽላል ያለውን ኮድ ጽፎ ሁላችንም በምናነበው የጋራ ኢሜይል ይልካል። እንደኔ ያለው አራሚ መስመር በመስመር ያነበዋል፣ በራሱ ኮምፒውተር ይሞክረዋል፣ ደህና ከሆነ ከሥሩ «እኔ አይቼዋለሁ» የምትል መስመር ከነስሙ ይጽፍበታል። ያች መስመር ከኮዱ ጋር አብራ ትኖራለች፣ ማንም ገልጦ ያያታል። ምስክርነት ናት።

ለዚህ ሥራ አንድ ሀብት ነበረኝ፤ የአሮጌ ካርድ ክምችት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መዝሙሩንም፣ ዘፈኑንም፣ የሠርግ ቪዲዮውንም ስልኩ ውስጥ ባለች ሚሞሪ ነበር የሚይዘው። ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ በሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚሞላ ጓደኛ ነበረኝ፤ ያስቸገሩትን ካርዶች ለኔ ይጥልልኛል። ላያቸው ላይ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ተጽፎ ውስጣቸው አራት የማይሞላ፣ ላብ የበላቸው፣ ጠርዛቸው የተላጠ አሥራ አንድ ካርዶች ነበሩኝ። ሌሎቹ አራሚዎች ከሱቅ የገዙትን አዲስ ካርድ ይዘው ነው የሚሞክሩ። እኔ በነዚህ ጉደኞች እሞክራለሁ፣ ስንቱ ኮድ እነሱ ላይ ወደቀ መሰላችሁ! ከወደቀ ደግሞ አልምርም፤ «ይህ አይሠራም፣ እንደገና ጻፈው» ስል ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረብኝም። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ኢሜይሎቼን አይቶ፣ «አንተ ሰው፣ ፊት ለፊት ብትገናኙ እኮ ይደበድቡህ ነበር» አለኝ።

አንድ ቀን ግን ኮድ የላኩት አዛውንቱ ሆኑ። ድራይቨሩን መጀመሪያ የጻፉት እሳቸው ናቸው። የት አገር እንደሚኖሩ እንኳ በውል አላውቅም፤ ብርድ እንደሚበዛበት ነግረውኝ፣ እኔም የኛም ከተማ ከዚያ አያንስም ብያቸው ነበር። ጀማሪ ሳለሁ የላክሁትን ጉደኛ ኮድ ሦስት ጊዜ መላልሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆጡ ያረሙልኝ ናቸው። እንግሊዝኛው ለትልቅም ለትንሽም አንድ ቢሆንም፣ እኔ በልቤ እርስዎ እያልሁ ነበር የምጽፍላቸው።

የላኩት ለውጥ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርግ ነው። ቀድሞ ድራይቨሩ ካርድ ሲገባለት «ተዘጋጅተሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካርዱ ዝም ካለ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይጠይቃል፤ እንቢ ካለውም ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቀስ እያለ፣ ደጋግሞ ይጠይቃል። አዛውንቱ መጠበቁን አሳጠሩት፣ ቀስ ብሎ መጠየቁን ደግሞ ጨርሰው አወጡት። ምክንያቱንም ጽፈዋል፤ እንዲህ ያለ ዘገምተኛ ካርድ ዛሬ የሚጠቀም ሰው የለም ይላል።

ሳነበው ሆዴ ጠረጠረ። ዘገምተኛ ካርድማ መሳቢያዬ ሙሉ ነው! ግን እኔ ማን ነኝና? ያስተማሩኝን ሰው ያ ሁሉ ሕዝብ በሚያነብበት ቦታ «አባቴ፣ ተሳስተዋል» ልበላቸው? አሳዳጊ የበደለው ልባል? ዝም አይነቅዝም አልሁ። ምነው ዝም ብዬ በቀረሁ! እኔ ግን አንዱንም ካርድ ከመሳቢያው ሳላወጣ፣ «አይቼዋለሁ» ብዬ ስሜን ከስማቸው ሥር ጻፍሁ። ያልሞከርሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። ብሞክረው እንደሚወድቅ ስለጠረጠርሁ፣ ከወደቀ ደግሞ መናገር ግድ ስለሚሆንብኝ ነው። አመሰገኑኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ወራት አለፉ። ለውጡ ወደ ሥርዓቱ ገባ፤ የኔም ላፕቶፕ አዲሱን ጭኖ ዓይን ሳይርገበገብ ይነሣ ጀመር። ኮራሁበት።

አንድ ሐሙስ ከክፍል ስወጣ አንዲት ጎልማሳ ሴት በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለ የፋግታ ቀበሌ ነው የመጡት። ሰላምታ ሰጥተውኝ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ጥፍር የምታህል ሚሞሪ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«መምህር፣ የሞተ ሚሞሪ ታስነሣለህ አሉኝ» አሉ። «በዚህች ላይ የባሌ አባት ቃል አለ።»

አግዳሚው ላይ አስቀምጫቸው ነገሩን አጫወቱኝ። ባላቸው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። አባቱ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ያስታመሟቸው እኒህ ምራታቸው ናቸው። አባትየው እንደማይተርፉ ሲያውቁት፣ ከወንዙ በላይ ያለውን የዲከረንስ ማሳቸውን ለምራታቸው እንደሰጡ ስልክ ላይ ተናግረው አስቀዱ። ዲከረንስ እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ዛፉ ተተክሎ በጥቂት ዓመት ይቆረጣል፣ ከሰል ይሆናል፣ ቤት ያቆማል፣ ልጅ ያስተምራል። ሴትዮዋ ደግሞ ሁለት የሚማሩ ሴት ልጆች አሏቸው።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ የባላቸው ታናሽ ወንድም «አባቴ እንዲህ አላለም» አለ። ቃሉ ሲሰጥ ሌላ ሰው በቤቱ አልነበረም። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ተበላሸ፤ ሚሞሪዋ ተርፋ ነበር፣ ግን በማንም ስልክ አልከፈት አለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል።

«ቃሉ ከተሰማ ማሳው የኔ ነው» አሉኝ። «ካልተሰማ፣ ከዘመድ ጋር ስከራከር አልኖርም፣ ለሱ ይሁን ብዬ አሻራዬን አደርጋለሁ።»

ካርዷን ላፕቶፑ ውስጥ ከተትኋት። ወዲያው መለሰልኝ፤ ካርድ የለም። አውጥቼ በላጲስ ወለወልኋት፣ መልሼ ከተትኋት። ካርድ የለም። ሦስተኛም ሞከርሁ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሐኪም ራሴን ነቅንቄ፣ «እናቴ፣ ይህች ሞታለች» አልኋቸው።

«ሌላ የሚያውቅ ሰው፣ ባሕር ዳርም ቢሆን?»

«ማንም አያስነሣትም። አይድከሙ።»

ይህን «ማንም» ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሴትዮዋ አላለቀሱም። ካርዷን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯትና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከምህልኝ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ዘፈን የሚሞላው ጓደኛዬ ጋ ሄድሁ። ሴትዮዋን ወደኔ የላካቸው እሱ ኖሯል። ሞታለች ማለቴን ስነግረው ሳቀብኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ነካህ? ድሮ የጣልሁትን ሁሉ ታስነሣ ነበር፤ አሁን እጅህ የገባ ሁሉ ይሞታል። ባለፈው የሰጠሁህን ሁለቱንም ሞተዋል ብለህ መለስህልኝ። ኧረ እጅህ ከበደ!»

አብሬው ልስቅ ስል ያ ሳልሞክር ስሜን የጻፍሁበት ለውጥ ትዝ አለኝ። ቤቴ ሮጥሁ። ከጎረቤት ሰላም የሚለኝን እንኳ አላየሁም፣ ኋላ ተቀይሞኛል። መሳቢያውን ከፍቼ አሥራ አንዱን አሮጌ ካርዶች አንድ በአንድ ሞከርኋቸው። ሦስቱ «የለም» ተባሉ። እነዚህን ሦስቱን ባለፈው ዓመት በገዛ እጄ አንብቤያቸዋለሁ! ላፕቶፑ ላይ አሮጌውን ሥርዓት መልሼ ጫንሁና እንደገና ከተትኋቸው። አንዱ ተነሣ። ሁለተኛው አንገራግሮ ተነሣ። ሦስተኛውማ እኔ ተስፋ ስቆርጥ ድራይቨሩ ሳይቆርጥ፣ ቀስ አድርጎ ጠይቆ አስነሣው። ወይ አምላኬ፣ ያች ሴት እሑድ አሻራቸውን ሊያደርጉ ነው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስልካቸው ተበላሽቷል፣ የጎረቤታቸውንም ቁጥር አልጠየቅሁ። የማውቀው የአጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያንና የሽማግሌውን ቀን ብቻ ነው። እሑድ ራሴ እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ዕዳ ነበረብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ሻል ሲል ለአዛውንቱ በጋራው ኢሜይል ለመጻፍ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የጻፍሁት ዙሪያ ጥምጥም ነበር፤ ስለ ጤናቸው ጠይቄ፣ ስለ ውለታቸው አውርቼ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ምናልባት አንድ ትንሽ ነገር ሳትኖር አትቀርም ይላል። አነበብሁትና ራሴን ጠላሁት። አጥፍቼ አሳጠርሁት። «ይህ ለውጥ ከአሥራ አንድ ካርዶቼ ሦስቱን ይጥላል። አሮጌው ያነብባቸዋል። በጊዜው አልሞከርሁትም፤ አይቼዋለሁ ያልሁት ሳላይ ነው።» ላክሁት። እንጅባራ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ የኔ ፊት ግን እሳት ሆኖ ነበር።

እሑድ ጠዋት ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ያዝሁ። አዲስ ቅዳም ስወርድ ስልኬ ጮኸ፤ የአዛውንቱ መልስ ነበር። ለውጡን ሰርዘውታል። ስለ ካርዶቹ አመስግነውኛል። ከሥሩ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ጨምረዋል፤ «ያኔ ለምን አልነገርኸኝም?» ቁጣ የለባትም፣ የምር ለማወቅ ነው። ምን ብዬ ልመልስ? ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ማን ያስረዳልኛል? ስልኬን ኪሴ ከትቼ፣ የከሰል ማዳበሪያ የተደረደረበትን መንገድ ዳር ዳሩን ይዤ፣ ሰው እየጠየቅሁ ጭቃውን ተያያዝሁት።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ ድንጋይና ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ በአንድ ወገን ቆመዋል፤ በሌላው ወገን ከኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ቆሟል። የባላቸው ወንድም መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገኝም። እየጮኸ ነበር።

«አባቴን ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር ‹ተኝቷል› እያለች ከደጅ መለሰችኝ! ዓይኑን ሳላየው ሞተ። አሁን ደግሞ ማሳውን ሰጠኝ ትላለች!»

ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው ወይ? መልሰሽዋል?» ቢሏቸው ሴትዮዋ «መልሸዋለሁ» ብቻ ብለው፣ ማሳውን ለሱ የሚለቀው ወረቀት አጠገብ ለአሻራ ወደተቀመጠው ቀለም ጣታቸውን ዘረጉ።

«ቆዩ!» ብዬ ጮህሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ብልግና አድርጌ አላውቅም። ሁሉም ዞረው አዩኝ። መካከል ላይ የተቀመጡት ትልቁ ሽማግሌ ከእግሬ እስከ ራሴ ለክተውኝ፣ «ማን ነህ? ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ፤ ከሥሩ ጀምር» አሉ።

ቆሜ ተናገርሁ። ካርዷን ሞታለች ያልሁት እኔ መሆኔን፣ የካርድ ማንበቢያው አሠራር ሲለወጥ አየሁ ብዬ መመስከሬን፣ በዚያም ምክንያት መሳሳቴን ነገርኋቸው። ግማሹን ሳይረዱልኝ ይቀራሉ ብዬ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ግን የምሸሸውን ቦታ አልሳቱትም።

«ያላየኸውን አየሁ ብለህ መሰከርህ?»

«አዎ አባቴ።»

«ተከፍሎህ ነው?»

«አይደለም።»

«ምን ሆነህ ነው ታዲያ?»

«ሥራው የታላቄ ነው፤ አክብሬያቸው ነው።»

«ብታከብረውማ ትነግረው ነበር» አሉኝ።

ወንድምየው በዚህ መካከል ዘለለ። «ይህ ሰው በኮምፒውተር የአባቴን ድምፅ ሊሠራ ነው የመጣው! አልቀበልም!»

«የአባትህን ድምፅ ከኛ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ» አሉት ትልቁ ሽማግሌ። «ሰምተህ፣ የሱ አይደለም ካልህ፣ በቃ፣ አይደለም። ምስክሩ አንተ ነህ።»

ሴትዮዋ ቋጠሮውን ፈትተው ካርዷን ሰጡኝ፣ ከተትኋት። ላፕቶፑ ጠየቀ። ካርዷ ዝም። ደግሞ ጠየቀ። ዝም። ፍጥነቱን ቀንሶ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው እኔን ያዩኛል፤ እኔ ደግሞ በሆዴ ቅዱሳኑን ሁሉ እጠራለሁ። ድንገት ዝርዝሩ ወጣ። የድምፅ ፋይሏን ነካኋት።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ በአገውኛ አንድ ነገር አለ፣ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። የኔ አገውኛ ከሰላምታ ብዙ አያልፍም፤ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ በአማርኛ ያቀብሉኝ ጀመር። «‹ይህ ነገር እየሰማኝ ነው? ወይስ ለግድግዳው ነው የማወራው?› ይላል። እሱ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል!»

ድምፁ ቀጠለ። ከወንዙ በላይ ያለውን ማሳ ለምራቴ ሰጥቻለሁ፣ አገላብጣ ያጠበችኝ እሷ ናት አለ። ታናሹ ልጄ ይቆጣል፣ ይቆጣ፣ ቁጣውን ከኔ ነው የወረሰው አለ። ሳቅ ነበር አሁንም። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፣ አስተርጓሚዬም ማቀበሉን ተዉት። በክርናቸው ነካ አድርጌ «ምን አሉ?» አልኋቸው።

«‹ልጄ ሲመጣ ተኝቷል ብለሽ መልሽው ያልሁሽ ጠልቼው አይደለም› ይላል። ‹እንዲህ በሰው እጅ ስገለበጥ እንዲያየኝ አልፈልግም። እሱ የሚያውቀኝ ፈረስ ላይ ነው። ለማንም አትንገሪ፣ እኔ ስሞት ግን ንገሪው።›»

ወንድምየው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «አልነገርሽኝም!»

«መቼ አናገርኸኝ?» አሉት። «ከቀብሩ ጀምረህ ደጄን ረግጠሃል? ዛሬ በሰው ፊት ብነግርህስ ለማሳው ብላ ፈጠረችው አትለኝም? ከሱ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ያችን ካርድ ይዤ አገር ያዳረስሁት።»

እሱ ወደኔ ዞሮ «ድገመው» አለኝ። ደገምሁለት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግመኝ ላፕቶፑ አጠገብ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ፣ «እህ፣ ልጄ፣ የማን ድምፅ ነው?» አሉት።

«የአባቴ ነው። ማሳው የሷ ነው።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ወረቀቱ ተቀደደ፣ ሰው ተነሣ። እኔም ላፕቶፔን ልከድን ስል ወንድምየው እጄን ያዘኝና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ለኔም ሙላልኝ» አለኝ። ሴትዮዋን አየኋቸው፣ በአንገታቸው ምልክት «ሙላለት» አሉኝ። የሱን ሚሞሪ አውጥቼ ስከፍተው ጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈን ሞልቶበታል። የአባቱ ቃል ግን ትንሽ ቦታ ነው የሚበቃው።

«ቦታ የለውም። አንድ ዘፈን ባጠፋ ይበቃል» አልሁት። «የትኛውን ላጥፋው?»

«ሁሉንም አጥፋው» አለኝ።